የቢላል ኢብን ረባሕ ታሪክ፤ ልቡ ለቆሰለ ሰውና ለቤተ ሰቡ የሚሆን ምክር

በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ለእርሱ ይገባል፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰዎቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፣ አንባቢ ሆይ፣ አላህ ይዘንልህና ይህን ዕወቅ። በሰው ላይ የሚደርስ ቁስል ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው በሥጋ ላይ የሚታይ ነው፤ ይህን ቤተ ሰብም ጎረቤትም አይቶ ያዝናል፣ ይጠይቃል፣ ወደ ሐኪም ይወስዳል። ሁለተኛው በልብ ውስጥ የተሰወረ ነው። ይህ ያገኘው ሰው ቀን በሱቁ ተቀምጦ ጨርቅ ሲለካና ቡና ሲመዝን ደኅና ይመስላል፤ ሌሊት ግን በእንቅልፉ ይጮኻል፣ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፣ ልጆቹን ያለ ምክንያት ይቆጣል፣ ከሰው መካከል ተለይቶ መቀመጥን ይወዳል። ሴቲቱም እንጀራ ስትጋግር ደኅና ትመስላለች፤ ነገር ግን ያየችው ክፉ ነገር ድንገት በዐይኗ ላይ ሲመላለስባት ሊጡ በእጇ እንዳለ ቆማ ትቀራለች። ሰዎችም ነገሩን ሳይመረምሩ አንዱ ኢማኑ ጎደለ ይላል፣ ሌላው ሰውየው ደካማ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ነውር እንዳይወጣ ብሎ በቤት ውስጥ ይደብቀዋል። በዚህም ምክንያት በሽተኛው ከቁስሉ ይልቅ በቤተ ሰቡ አነጋገር ይጎዳል።

ይህ ኹጥባ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ ሲመለስ ለሀገራችን ሰው የሚያስፈልገውን ቃል በየስፍራው ጨምረንበታል። ምክንያቱም ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ያየ ሰው በመካከላችን አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ ሱቁን ትቶ፣ ልጁን በጀርባው አዝሎ ወደ ደብረ ብርሃን ዳገቱን የወጣ ሰው አለ። ከወለጋ ቤቱንና ዘመዱን አጥቶ የመጣ፣ ደብረ ብርሃንም በመጠለያ የተቀበለችው ብዙ ሕዝብ አለ። ከእነዚህ ውስጥ ሙስሊም አለ፣ ክርስቲያንም አለ፤ የልብ ቁስል ሃይማኖት መርጦ አይገባም።

እንግዲህ ለእንደዚህ ያለው ሰው የማንን ታሪክ ልንነግረው ይገባል? በሥጋው የተሠቃየውን፣ በልቡም የቆሰለውን፣ ኢማኑ ግን በማንም ዘንድ የማይጠረጠረውን ሰው ታሪክ ነው። ይህም ሰው እናቱ የሐበሻ ሴት የነበረችው የነቢዩ ሙአዚን ቢላል ኢብን ረባሕ ነው፤ አላህ ሥራውን ይውደድለት።

ቢላል አባቱ ረባሕ፣ እናቱ ሐማማ ይባላሉ። በመካ ከተማ የበኑ ጁመሕ ነገድ ባሪያ ሆኖ አደገ፤ ጌታውም ከቁረይሽ ታላላቆች አንዱ የሆነው ኡመይያ ኢብን ኸለፍ ነበር። የእስልምና ጥሪ በተሰማ ጊዜ ቢላል ከመጀመሪያዎቹ አማኞች መካከል ሆነ፤ እምነቱንም በግልጥ ከተናገሩት ጥቂቶች አንዱ ነበር። በዚያ ዘመን ነገድ ያለው ሰው በነገዱ ይጠበቅ ነበር፤ ባሪያ ግን የሚጠብቀው የለውም። ስለዚህ የቁረይሽ ቁጣ በባሮችና በድኾች ላይ ወረደ።

ኡመይያም ቢላልን በቀትር ጊዜ ፀሐይ ወደምታቃጥለው የመካ አሸዋ እያወጣ በጀርባው ያስተኛው፣ በደረቱም ላይ ታላቅ ድንጋይ ያስጭንበት ነበር። አንገቱን በገመድ አስረው ለልጆች ሰጡት፤ ልጆቹም በመካ ተራሮች መካከል እየጎተቱ ይጫወቱበት ነበር። ከሃይማኖቱ እንዲመለስ ሲጠይቁት የአላህን አንድነት የምትናገረውን አንዲት ቃል ብቻ እየደጋገመ ይመልስላቸው ነበር። ከሥቃዩ ብዛት ረጅም ንግግር ሊናገር አይችልም ነበር፤ ያቺ አንዲት ቃል ግን ከአፉ አልጠፋችም።

አንባቢ ሆይ፣ ብዙ ሰው የቢላልን ታሪክ እዚህ ላይ ያቆመዋል። ጽናቱን ያደንቅና መጽሐፉን ይዘጋል። እኛ ግን ከዚህ በኋላ ስለ ሆነው ነገር ልንነግርህ እንወዳለን። ድንጋዩ ከደረቱ ከተነሣ በኋላ ቢላል ከ20 ዓመት በላይ ኖሯልና፤ እነዚያን ዓመታት እንዴት እንደ ኖራቸው ማወቅ ለቆሰለ ሰው ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ነገር ከሥቃዩ መውጣቱ ነው። አቡ በክር ወደ ኡመይያ ሄዶ ቢላልን ገዛው፣ ወዲያውም ነፃ አወጣው። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ሻጩ ሊያፌዝ ፈልጎ በአንድ ወቄት ወርቅ እንኳ ቢጠየቅ ይሸጠው እንደ ነበረ ተናገረ፤ አቡ በክርም መቶ ወቄት ቢጠየቅ ኖሮ ይከፍል እንደ ነበረ መለሰለት። አቡ በክር ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ የዕቃን ዋጋ ያውቃል። የሰውን ነፍስ ግን በገበያ ዋጋ አልመዘነም። ከቢላል ሌላም ዐሚር ኢብን ፉሀይራንና ሌሎች የሚሠቃዩ ወንዶችንና ሴቶችን እየገዛ ነፃ አውጥቷል። ከዚህ የምንማረው ይህ ነው፤ የሚሠቃይን ሰው ትዕግሥት ከማስተማር በፊት ከሥቃዩ ማውጣት ይቀድማል። አቡ በክር በአሸዋው ላይ ቆሞ ቢላልን ስለ ሰብር አልመከረውም፤ ገንዘቡን ከኪሱ አወጣ እንጂ። ባሏ የሚደበድባትን ሴት ታገሺ ብቻ ብለን ወደዚያው ቤት ስንመልሳት፣ አቡ በክር የሠራውን ትተን ሌላ መንገድ መሄዳችን ነው።

ነጋዴ ወንድሜ ሆይ፣ ስለ ሰው መሸጥና መገዛት ስናነሣ ወደ ገዛ አገራችንም እንመልከት። ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሙስሊም ነጋዴዎች የታወቀች ከተማ ነበረች። ከታጁራ ባሕር ዳርቻ የሚመጣው ሲራራ ጨውና ጨርቅ ያመጣ ነበር፤ ሲመለስም ቡናና የዝሆን ጥርስ ይዞ ይወርድ ነበር። በ1841 በፈረንጅ ወደ ሸዋ የመጡት የእንግሊዝ መልክተኞች ግን ሌላም ነገር አይተው ጽፈዋል፤ በአቅራቢያዋ በነበረችው በአብዱል ረሱል ገበያ ሰው ይሸጥ ነበር። ከእናታቸው ጉያ የተነጠቁ ልጆች በዚያ መንገድ በእግራቸው እየተነዱ ወደ ባሕር ወረዱ። ይህን ያደረጉት ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም ናቸው። በኢትዮጵያ ባርነት በዐዋጅ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። ዐዋጁ ገበያውን ዘጋ፤ ነገር ግን ስድቡ በአንዳንድ ሰው አፍ ላይ ቀረ። የቢላልን ስም ለልጁ አውጥቶ የጎረቤቱን ዘር በባርነት የሚሰድብ ሰው ቢኖር፣ ምን እያደረገ እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ።

ስድብ ቁስልን እንደሚያድስ ነቢዩ ያውቁ ነበር። አቡ ዘር የተባለው ታላቅ ባልደረባ አንድ ሰውን በእናቱ ሰደበው፤ የተሰደበውም ቢላል እንደ ነበረ በሰፊው ይተረካል። ነቢዩም ይህን በሰሙ ጊዜ አቡ ዘርን ገና የድንቁርና ዘመን ጠባይ እንዳለበት ነግረው ገሠጹት። የተሰደበውን ሰው ቻለው አላሉትም፤ ተሳዳቢውን ገሠጹ እንጂ። አቡ ዘርም ከዚያ በኋላ አገልጋዩን ራሱ የሚለብሰውን ልብስ ያለብሰው ነበር።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ615 በፈረንጅ ከባልደረቦች አያሌዎቹ ወደ ሐበሻ ንጉሥ ወደ ነጃሺ ሲሰደዱ ቢላል ከእነርሱ ጋር አልነበረም፤ የእናቱን አገር አላየም። በ622 ግን ወደ መዲና ተሰደደ። ዕረፍት አገኘሁ ባለ ጊዜ በመዲና ንዳድ ያዘው፤ አቡ በክርም ከእርሱ ጋር በአንድ ቤት ታመመ። እናታችን ዓኢሻ ልትጠይቃቸው በገባች ጊዜ ቢላል ትኩሳቱ በረድ ሲልለት ድምፁን ከፍ አድርጎ በግጥም የመካን ሸለቆ፣ በዚያ የሚበቅለውን መልካም ሽታ ያለውን ሣር፣ የውሃውን ስፍራና ተራሮቹን እየጠራ ይናፍቅ ነበር፤ ከአገሩ ያስወጡትንም ሰዎች እየረገመ ያለቅስ ነበር።

ይህን ልብ በል። የናፈቃት ከተማ በአሸዋዋ ላይ የተሠቃየባት ከተማ ናት። ሰው የቆሰለበትን ስፍራ ይጠላል፣ ይናፍቃልም፤ ሁለቱም በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ስለዚያው ቤት ደጃፍና ስለ ዛፉ ጥላ ሲያወራ ብትሰማው አትደነቅ፤ ያን ክፉ ቦታ ተወው ብለህም አትቆጣው። ነቢዩ ነገሩ በተነገራቸው ጊዜ ቢላልን አልነቀፉትም፤ መዲናን እንደ መካ ወይም ከዚያ በላይ የተወደደች እንዲያደርግላቸውና ንዳዱን ከእርስዋ እንዲያርቅ አላህን ለመኑ። የናፈቀውን አልከለከሉትም፤ የመጣበትን ስፍራ እንዲወድ ረዱት።

ሁለተኛው ነገር ወንድም ማግኘቱ ነው። ነቢዩ ስደተኞችን ከሌሎች ጋር በወንድማማችነት ሲያስተሳስሩ የቢላል ወንድም አቡ ሩወይሐ የተባለው ሰው ሆነ። ይህ ወንድማማችነት የአንድ ቀን ነገር አልነበረም። ከብዙ ዓመት በኋላ ዑመር የሠራዊቱን ስም በመዝገብ ሲያስጽፍ ቢላል ስሙ ከአቡ ሩወይሐ ጋር እንዲጻፍ ጠየቀ፤ ከእርሱም መለየት አልፈለገም። ዘር ማንዘሩ የማይታወቅ የነበረው ሰው ስሙ ከወንድም ስም አጠገብ ተጻፈለት።

ሦስተኛው ነገር ሥራ ማግኘቱ ነው። ለሶላት መጥሪያ የሚሆን አዛን በሕልም ለዐብዱላህ ኢብን ዘይድ በታየው ጊዜ ነቢዩ ቃሉን ለቢላል እንዲያስተምረው አዘዙ፤ የቢላል ድምፅ ከፍ ያለ ነበርና። በመስጊዱ አጠገብ ያለው ከፍተኛ ቤት የአንዲት የበኑ ነጃር ሴት ነበር። ቢላል ጎሕ ሳይቀድ መጥቶ በጣሪያው ላይ ይቀመጥና ንጋትን ይጠብቅ ነበር። ጎሑም ሲታየው ተነሥቶ በመጀመሪያ ዱዓ ያደርግ ነበር፤ በዱዓውም ስለ ቁረይሽ ነገር አላህን ይለምን ነበር። ከዚያ በኋላ አዛን ያደርጋል። በድንጋይ በታፈነው ደረት ውስጥ የነበረው ያው ድምፅ አሁን የመዲናን ሕዝብ ከእንቅልፍ የሚያስነሣ ሆነ። ነቢዩም የሶላት ጊዜ ሲደርስ በሶላት እንዲያሳርፋቸው ቢላልን ይጠይቁት ነበር፤ ሶላት በእርሳቸው ዘንድ ሸክም ሳይሆን ዕረፍት ነበርና። ልቡ የቆሰለውን ሰው እንደማይጠቅም ዕቃ በጓዳ አታስቀምጠው፤ ዐቅሙ የቻለውን ጥቂት ሥራ ስጠው፣ በሰው ፊትም በሥራው አክብረው።

ይሁን እንጂ ወንድምና ሥራ ስላገኘ ቁስሉ በአንድ ጊዜ ጠፋ ማለት አይደለም። በሒጅራ በ2ኛው ዓመት (በፈረንጅ 624) በበድር ጦርነት ጊዜ የቀድሞ ጌታው ኡመይያ ተማረከ። የማረከውም በመካ ወዳጁ የነበረው ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ ነው፤ ሊያድነውም ፈልጎ እጁን ይዞ ይሄድ ነበር። ቢላል ባየው ጊዜ ግን ኡመይያ ከዳነ እርሱ እንደማይድን እየጮኸ ሰዎችን ጠራ፤ እነርሱም መጥተው ኡመይያንና ልጁን ገደሏቸው። ዐብዱረሕማን ምርኮኞቹን ስላሳጣው በቢላል ማዘኑን በኋላ ይናገር ነበር። ነፃ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ኡመይያም ተማርኮ እጁን ተይዟል። ነገር ግን ያ ፊት በታየው ጊዜ ቢላል በአሸዋው ላይ እንዳለ ሆኖ ጮኸ። የልብ ቁስል ጊዜ አይቈጥርም፤ ያንኑ ድምፅ፣ ያንኑ ሽታ፣ ያንኑ ፊት ባገኘ ጊዜ የጥንቱ ነገር ዛሬ እንደ ሆነ ያህል ይነሣል።

ሌላም ነገር አለ፤ እርሱንም አንደብቅህም። በ7ኛው ዓመት (በፈረንጅ 628) ከኸይበር ጦርነት በኋላ ቢላል ሶፊያ ቢንት ሑየይንና ከእርስዋ ጋር የነበረችውን ሴት ይዞ ሲመጣ የገዛ ወገኖቻቸው ሬሳ በወደቀበት ስፍራ አሳለፋቸው። አንደኛዋ ሴት ሬሳውን አይታ ጮኸች፣ ፊቷንም መታች። ነቢዩ ይህን በሰሙ ጊዜ እነዚያን ሴቶች በወንዶቻቸው ሬሳ ላይ ሲያሳልፍ ርኅራኄ ከልቡ ወጥቶ እንደ ሆነ ቢላልን ጠየቁት። የተሠቃየ ሰው ሁሉ ሳይማር ለሌላው የሚራራ አይሆንም፤ አንዳንድ ጊዜ ሥቃይን ከመልመዱ የተነሣ የሌላውን ሥቃይ አያይም። ስለዚህ አንተ የቆሰልህ ሰው ሆይ፣ ቁጣህ በሚስትህና በልጆችህ ላይ እንዳይወድቅ ተጠንቀቅ። ቁስልህ ምክንያቱን ያስረዳል፤ መምታትህን ግን ሐላል አያደርገውም። ነቢዩ ቢላልን ወደዱት፣ አከበሩት፤ በተሳሳተም ጊዜ መከሩት፣ ከፊታቸውም አላባረሩት።

በ8ኛው ዓመት (በፈረንጅ 630) መካ ተከፈተች። ነቢዩ ወደ ካዕባ ውስጥ ሲገቡ ከእርሳቸው ጋር ከገቡት ጥቂት ሰዎች አንዱ ቢላል ነበር። ከዚያም በካዕባ ላይ ወጥቶ አዛን እንዲያደርግ አዘዙት። ከቁረይሽ ታላላቆች አንዳንዶቹ ይህን አይተው አጉረመረሙ። በገመድ ሲጎተትባቸው የነበሩት ተራሮች ግን የዚያኑ ሰው ድምፅ መልሰው አስተጋቡ። ክብሩ በሰው ፊት እንደ ተገፈፈ፣ በሰው ፊት ተመለሰለት። በአደባባይ ያዋረድኸውን ሰው በጓዳ ይቅርታ ብትጠይቀው ዕዳህ አልተከፈለም።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ እዚህ ላይ በደስታ ያልቃል ብለህ ታስብ ይሆናል። ነገር ግን በ11ኛው ዓመት (በፈረንጅ 632) ነቢዩ ዐረፉ። እንደሚተረከው ቢላል አዛን ሲያደርግ የነቢዩ ስም ካለበት ቃል በደረሰ ጊዜ ልቅሶ ድምፁን ያዘው፤ በመስጊዱ ያሉትም ሁሉ አለቀሱ። በድንጋይ ሥር ያልተቋረጠው ድምፅ በኀዘን ተቋረጠ። ከዚያም ወደ አቡ በክር ሄዶ የገዛው ለራሱ ከሆነ እንዲያስቀረው፣ ለአላህ ብሎ ከሆነ ግን እንዲለቀው ለመነው። በመጨረሻም መዲናን ትቶ ወደ ሻም አገር ሄደ።

አንባቢ ሆይ፣ ከእኛ መካከል የኢማኑን ጉድለት የሚጠረጥርበት ሰው አለን? ሞትን ያልፈራ ሰው በኀዘን ተሰበረ። እንግዲህ ማልቀስ፣ ሥራን መቀጠል አለመቻል፣ ከናፍቆቱ ስፍራ መራቅ የኢማን ጉድለት ምልክት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ በቢላል ላይ አይታይም ነበር። በዙሪያው የነበሩትም ምን እንዳደረጉ ተመልከት። አዛኑን ለምን አቋረጥህ ብሎ የተቆጣው የለም። ከእርሱ ጋር አለቀሱ፤ ሊሄድ በፈለገም ጊዜ በግድ አላስቀሩትም።

በሻም አገር ቢላል ሰው ሸሽቶ አልተቀመጠም። እርሱና ወንድሙ ወደ አንድ ቤተ ሰብ ለጋብቻ በሄዱ ጊዜ ማን እንደ ሆኑ ሳይደብቁ እንደ ተናገሩ ይተረካል፤ የተሳሳቱ ነበሩ፣ አላህ መራቸው፤ ባሮች ነበሩ፣ አላህ ነፃ አወጣቸው፤ ድኾች ነበሩ፣ አላህ አበለጸጋቸው። ብትድሩልን አላህን እናመሰግናለን፣ ባትድሩልንም ቅሬታ የለንም የሚል ነበር የነገራቸው መንፈስ። እነርሱም ዳሩላቸው። ይህ ከዳነ ሰው አፍ የሚወጣ ነገር ነው። የደረሰበትን አልካደም፣ አላፈረበትም፤ ነገር ግን ያ የደረሰበት ነገር የነገሩ መጨረሻ አልሆነም። ዑመርም አቡ በክር ጌታችን ነው፣ ያወጣውም ጌታችንን ቢላልን ነው በሚል መንፈስ ስለ እርሱ ይናገር ነበር።

በ17ኛው ዓመት (በፈረንጅ 638) ዑመር በሻም ወዳለችው ወደ ጃቢያ በመጣ ጊዜ ቢላል አዛን እንዲያደርግ ተለመነ፣ እርሱም አደረገ። ያ ድምፅ በተሰማ ጊዜ ነቢዩን ያዩ ሁሉ አለቀሱ፤ ከሁሉም ይልቅ ዑመር አለቀሰ። ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላም ኀዘኑ አልጠፋም ነበር፤ ነገር ግን አሁን አዛኑን እስከ መጨረሻው ለማድረስ ቻለ። ፈውስ ማለት መርሳት አይደለም። ፈውስ ማለት ኀዘኑ በውስጥህ እያለ አዛኑን ለመጨረስ መቻልህ ነው።

ቢላል በ20ኛው ዓመት በደማስቆ ከተማ ዐረፈ። ሊሞት ሲል ሚስቱ በኀዘን ስትጮኽ፣ እርሱ ግን ነገ ወዳጆቹን ነቢዩንና ባልደረቦቻቸውን እንደሚያገኝ ተናግሮ እንደ ተደሰተ ይተረካል። መቃብሩም በደማስቆ በባብ አስ-ሰጊር ይታወቃል።

በዚያችው በደማስቆ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1154 በፈረንጅ፣ ሱልጣን ኑረዲን በስሙ የሚጠራውን ሆስፒታል ሠራ። ከደማስቆ በስተ ሰሜን ባለችው በሐለብ ከተማም በ1354 የተሠራው የአርጉን ሆስፒታል በተለይ የአእምሮ ሕሙማንን ይቀበል ነበር፤ በግቢውም ውስጥ የውሃ ምንጮች ነበሩበት፣ ሕሙማኑ በሚፈሰው ውሃ ድምፅ እንዲጽናኑ። ከሁለቱም በፊት በ322 ዓመተ ሒጅራ (በፈረንጅ 934) የሞተው ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ ሥጋና ስለ ነፍስ ጤና መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ነፍስም እንደ ሥጋ እንደምትታመም፣ ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ኀዘንንና የማያርፍ ሐሳብን ለየብቻቸው ማከም እንደሚገባ አስተምሯል። ሰው መድኃኒት በቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ በደኅና ቀኑ የሚያጽናና ሐሳብ ለክፉ ቀን እንዲያከማችም መክሯል። እንግዲህ የልብ ሕመምን ማከም ለሙስሊም አዲስ ነገር አይደለም፤ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው።

ስለዚህ፣ የቤት አባወራ ሆይ፣ የቤት እመቤትም ሆይ፣ በቤታችሁ እንደዚህ ያለ ሰው ቢኖር ይህን አድርጉ። አስቀድማችሁ ከሚያስፈራው ነገር አርቁት፣ ይብላ፣ ይተኛ። ያየውን እንዲናገር አታስገድዱት፤ ሊናገር በፈለገ ጊዜ ግን ሥራችሁን አቁማችሁ ስሙት። ኢማንህ ጎደለ አትበሉት። ዱዓ አድርጉለት፣ ቁርኣንም ይቀራለት፤ በሰንሰለት አትሠሩት፣ በጭስ አታፍኑት፣ አትምቱት። ከክፉ ነገር በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መደንገጥና እንቅልፍ ማጣት የሰው ጠባይ ነው፤ ብዙው ሰው ከወገኖቹ ጋር ሲሆን ቀስ በቀስ ይረጋጋል። ነገር ግን ይህ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ፣ ወይም ሥራውንና ቤቱን ካስተወው ወደ ሐኪም ውሰዱት። ሞትን እንደሚመኝ ወይም ራሱን እንደሚጎዳ ቢናገር ግን አንድ ቀንም አትጠብቁ፣ ብቻውንም አትተዉት፤ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አድርሱት። እንደ ሕመሙ ክብደት በአዲስ አበባ ወዳለው ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ሊልኩት ይችላሉ። ዱዓና መድኃኒት አይጣሉም፤ መድኃኒትንም የፈጠረው አላህ ነው።

አንተም ሌሊት የምትነቃው ወንድሜ፣ አንቺም በልብሽ የምታለቅሺው እኅቴ፣ በፈጅር ጊዜ ከአንኮበር ተራራ ሥር ይሁን ከደብረ ብርሃን ብርድ መካከል አዛን ስትሰሙ ይህን አስታውሱ። ያን ጥሪ በመዲና መጀመሪያ ያሰማው እንደ እናንተ ልቡ የቆሰለ ሰው ነው። እርሱም አንድ ቀን ድምፁ ተቋርጦ ነበር፤ ደግሞም ተመልሶለታል።

አላህ ሆይ፣ የተሰበረውን ልብ ጠግን፤ የተፈናቀለውን አሳርፍ፤ የፈራውን አረጋጋ፤ እኛንም ለቆሰለ ወንድማችን እንደ አቡ በክር እጃችንን የምንዘረጋ፣ እንደ ዑመርም አብረን የምናለቅስ አድርገን። አሚን።